«አባዬ፣ ወደ ታች አውርደው»

ከሬገን ኤርፖርት የታክሲ ሰልፍ ላይ ሆኜ ነው የምጽፍላችሁ። ከፊቴ ወደ አርባ የሚጠጋ መኪና አለ፤ ጊዜ አለኝ ማለት ነው። ሰሞኑን የጠፋሁት ታምሜ አይደለም፣ አኩርፌያችሁም አይደለም። «ፖለቲካውን ተውከው እንዴ?» ብላችሁ በውስጥ መስመር የጠየቃችሁኝ አላችሁ። አልተውኩትም። ዛሬ ግን የማወራችሁ ስለ መሳቢያ ነው። አዎ፣ መሳቢያ! ልብስ የምንከትበት። አትሳቁ፤ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው አንብቡ፣ ከዚያ ትስቁብኛላችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትልቋ ልጄ ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ ተዳረች። ሽማግሌ መጥቶ «እሺ» ያልን ዕለት ማታ፣ ሞቅ ብሎኝ ነው መሰለኝ፣ «ባለ አምስት መሳቢያ ድሬሰር በገዛ እጄ ሠርቼ እሰጥሻለሁ» ብዬ በሰው ፊት ተናገርኩ። ሰው አጨበጨበ። ቃል ደግሞ በሰው ፊት ከወጣ ዕዳ ነው።

ዝም ብዬ አልነበረም እንዲህ ያልኩት። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ደሴ ውስጥ አናጺ ነበር። እህቴ ስትዳር ከዋንዛ የሠራላት ሣጥን እስከ ዛሬ ቤቷ አለ። የሣጥኑ ማዕዘን ላይ አንድም ሚስማር የለም። የሁለት እጆቻችሁን ጣቶች አቆላልፋችሁ ብትይዙ እንዴት እንደሚሆን አስቡት፤ ጣውላዎቹ እንደዚያ ተያይዘዋል። አባቴ ያንን በመጋዝና በመሮ ነበር የሚያወጣው። የእኔ ሥራ ፋኖስ መያዝ ነበር። «መሮውን ልሞክረው» ስለው «አንተ ደብተርህን ያዝ» ይለኛል። ደብተሬን ያዝኩ። ደብተሩ አዲስ አበባ ወሰደኝ፣ ዲቪ ደግሞ ቨርጂኒያ አመጣኝና መሪ አስያዘኝ።

ይህንን ማያያዣ እዚህ «ዶቭቴል» ይሉታል፣ የርግብ ጅራት እንደማለት ነው። ርግብ ጅራቷን ስትዘረጋ አይታችኋል? ከሥሩ ጠበብ፣ ከጫፉ ሰፋ ይላል። እንጨቱም እንደዚያ ነው የሚቆረጠው። መሳቢያ ላይ የሚመረጥበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ መሳቢያ ዕድሜውን ሙሉ የሚጎተት ዕቃ ነው። በሚስማር ወይም በኮላ ብቻ የተያዘ ከሆነ፣ አንድ ቀን ፊቱ እጃችሁ ላይ ይቀራል፣ ልብሱ እዚያው ይቀራል። ሁላችንም ከመደብር ገዝተን አይተነዋል። የርግብ ጅራት ግን ወደ ፊት ሲጎተት ጫፉ ስለሚሰፋ ከጎድጓዳው ሾልኮ መውጣት አይችልም። ከጥንታዊ ግብጽ መቃብሮች በወጡ የቤት ዕቃዎች ላይ ሳይቀር ይኸው ዘዴ ተገኝቷል። እንግዲህ ስንት ሺህ ዓመት እንደተፈተነ አስቡት።

እኔ በመጋዝና በመሮ የማወጣበት ሙያ የለኝም። ስለዚህ ራውተርና ጂግ ያዝኩ። ራውተር ስል ያንን ግድግዳ ላይ መብራት የሚያብለጨልጭ የኢንተርኔት ሣጥን እንዳይመስላችሁ። ይኼኛው በሁለት እጅ የሚያዝ ሞተር ነው። ከሥሩ ፑንታ ይታሰርለታል፣ ፑንታውም በደቂቃ ከ20 ሺህ ዙር በላይ ሊሽከረከር ይችላል። ጂጉ ደግሞ እንደ ማበጠሪያ ጣቶች ያሉት የብረት ፎርማ ነው። የመሳቢያውን ጎን ከፊት አቁማችሁ፣ የመሳቢያውን ፊት ከላይ አጋድማችሁ በጂጉ ታስራላችሁ። ራውተሩ ሥር ያለው ቀለበት የፎርማውን ጣቶች እየታከከ ሲገባና ሲወጣ፣ ፑንታው ሁለቱን ጣውላ በአንድ ጊዜ ይቆርጣል። አንደኛው ላይ ጅራት፣ ሌላኛው ላይ ጎድጓዳ ይወጣል። ከዚያ ማገጣጠም ብቻ ነው።

«ብቻ» ነው እንግዲህ ያልኩት። ጂጉን ሰፈራችን ውስጥ ቤታቸውን ከሚለቁ ሰዎች ዕቃ መሸጫ በ40 ዶላር ነው የገዛሁት። መመሪያው አብሮት አልነበረም። «መሣሪያው ካለ መመሪያ ምን ያደርጋል?» አልኩ።

የመጀመሪያውን ቆርጬ ሳገጣጥመው እንደ ሽማግሌ ጥርስ ተነቃነቀ። በጅራቱና በጎድጓዳው መሐል ክፍተት አለ፣ ሳንቲም ያስገባል። እኔም አሰብኩ፤ ብዙ ከተቆረጠ ይሰፋል፣ ትንሽ ከተቆረጠ ይጠባል። ይኼ ለማንም ግልጽ ነው። ስለዚህ ፑንታውን ትንሽ ወደ ላይ ሰበሰብኩት፣ ጥልቀቱን ቀነስኩ። እንደገና ቆረጥኩ። ይባስ ብሎ ላላ! «ገና አልበቃውም» ብዬ አሁንም ሰበሰብኩት። ጭራሽ ሁለቱ ጣውላ ሰላምታ እንኳ የማይሰጣጡ ሆኑ።

የአሥራ ስድስት ዓመቱ ልጄ ጋራዡ በር ላይ ስልኩን ይዞ ቆሞ ነበር።

«አባዬ፣ ወደ ታች አውርደው» አለኝ።

«ምኑን?»

«ቢቱን። ጠለቅ ሲል ነው የሚጠብቀው። መመሪያውን ኦንላይን አገኘሁት፣ እንደዚያ ይላል።»

እኔ ምን አልኩት? «እኔ የአናጺ ልጅ ነኝ። አንተ ስልክህን ያዝ።»

ልብ አድርጉልኝ፣ ይህንን የሚለው በሕይወቱ አንድ ቀን መሮ ያልያዘ ሰው ነው።

ከሦስት ቀን በኋላ ተመልሶ መጣ። በዚያን ዕለት ለመሳቢያው ፊት ብዬ በውድ የገዛሁትን ኦክ አበላሽቼ ደሜ ፈልቷል። «አባዬ፣ አንዴ ብቻ አውርደህ ሞክረው» አለኝ። «በሒሳብ ‹ዲ› ይዘህ የመጣህ ልጅ እኔን ታስተምረኛለህ?» ብዬ ጮህኩበት። መልስ አልሰጠኝም። ስልኩን ኪሱ ከተተና ወጣ። ከዚያ ቀን በኋላ ጋራዥ አልመጣም። እራት ላይም «ቆይ እበላለሁ» ማለት ጀመረ።

እኔ ግን ሦስት ሳምንት ታገልኩ። ከታክሲ ስመለስ በቀጥታ ጋራዥ ነው። ክፍተቱን በሰጋቱራና በኮላ እያቦካሁ ሞላሁት። ሲደርቅ ከሩቅ ያምራል፣ ሲጎትቱት ይሰነጠቃል። ባለቤቴ መጥታ አየችና «አንተ ሰውዬ፣ ልጅቷ የምትፈልገው መሳቢያ ነው፣ ገንፎ አይደለም» አለችኝ። ሠርጉ እየቀረበ ነው። «ገዝቼ ልስጣት ይሆን?» ማለት ጀመርኩ።

አንድ ዓርብ ማታ እዚሁ ሰልፍ ላይ ተራዬ ደረሰና አንድ ነጭ ሽማግሌ ገቡ። አናፖሊስ፣ ሜሪላንድ ነው የሚሄዱት። የዚህ ሥራ ሰዎች ታውቁታላችሁ፣ ከሬገን አናፖሊስ ማለት ሎተሪ ነው። ጥቂት እንደሄድን «ይህ የኦክ ሽታ ነው?» አሉኝ። ሹራቤ ላይ ሰጋቱራ ነበር። ለካ አርባ ዓመት ሙሉ የወጥ ቤት ካቢኔ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። እኔም ብሶተኛ ነኝ፣ ዘረገፍኩላቸው። ሠርጉን፣ ጂጉን፣ ክፍተቱን፣ ገንፎውን ሳይቀር።

ሰውየው ሳቁ። «ሲላላብህ ፑንታውን ወዴት ነው ያንቀሳቀስከው?»

«ወደ ላይ ነዋ።»

«ወደ ታች አውርደው» አሉኝ።

ምክንያቱን ሲያስረዱኝ እኔ በልቤ የሐበሻ ቀሚስ ነው የታየኝ። ፑንታው ከወገቡ ጠባብ ነው፣ ከታች ሰፊ። ሰፊው ጫፍ ምንጊዜም ያው ስፋት ነው። ፎርማው ላይ ያሉት ጣቶችም ርቀታቸው አይለወጥም። ታዲያ ፑንታው ጠለቅ ባለ ቁጥር ከእንጨቱ ፊት ጋር እኩል የሚሆነው ጠባቡ ወገብ ነው። አፉ ይጠባል ማለት ነው። አፉ ሲጠብ፣ በሁለት ቁርጦች መሐል የሚተርፈው ጅራት ይወፍራል። የወፈረ ጅራት በጠበበ አፍ ሲገባ ይጠብቃል። እኔ ፑንታውን በሰበሰብኩት ቁጥር ጅራቱን እያከሳሁ አፉን እየከፈትኩ ነበር! «ስትነካው ደግሞ የአንድ ወረቀት ውፍረት ያህል ብቻ ንካው» ብለው ጨመሩልኝ። ሲወርዱም ጥሩ ጉርሻ ሰጡኝ፣ እግዜር ይስጣቸው።

በባዶ መኪና ስመለስ እየዘፈንኩ ነበር። ቤት የደረስኩት ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ነው። ጋራዡን ከፍቼ ራውተሩን አነሳሁ። ግን ያንን የሚያጓራ ነገር በዚያ ሰዓት ማስነሳት ፖሊስ እንደ መጥራት ነው። ስለዚህ መብራቱን አብርቼ ቁጭ አልኩ፣ የሚነጋበትን እየጠበቅሁ።

ቁጭ ስል ነው ነገሩ የመጣብኝ። «ወደ ታች አውርደው።» ይህንን ቃል እኮ ሰምቼዋለሁ። ከሦስት ሳምንት በፊት፣ እዚሁ ቦታ፣ በገዛ ቋንቋዬ። ልጄ ሁለት ጊዜ ነግሮኛል። አንድ የማላውቃቸው ፈረንጅ ከኋላ ወንበር ሆነው ሲነግሩኝ ግን ጥያቄ እንኳ ሳልጨምር አመንኩ።

ምን ልበላችሁ፣ አፈርኩ። ይኼ ልጅ አሥር ዓመት ሳይሞላው ከኢንሹራንስ የመጣ ደብዳቤ አስነብቤዋለሁ። ስልክ ላይ «አንተ አናግርልኝ፣ የእኔን አማርኛ የተቀላቀለበት እንግሊዝኛ አይሰሙኝም» እያልኩ የትልቅ ሰው ጉዳይ አስፈጽሜዋለሁ። ያን ጊዜ አምኜዋለሁ፣ ምክንያቱም ግድ ሆኖብኝ ነበር። በእንጨት ጉዳይ ግን የአባቴ ስም ተነካብኝ መሰለኝና ልጁን ረገጥኩት። ከእኛ መሐል ስንቱ ነው እንዲህ የሚያደርግ? እኔ ራሴን ነው የምከስሰው፣ እናንተ የራሳችሁን ታውቃላችሁ።

ነጋ። ቅዳሜ ነው። በሩን አንኳኳሁ። «ና እስቲ፣ ያንን ነገር አሳየኝ» አልኩት። ባለቤቴ ከወጥ ቤት ሰምታ «ይኼ ይቅርታ መጠየቅ ነው?» አለችኝ። እኔ እንኳ ይቅርታ መስሎኝ ነበር፣ አባቴ ከዚህ የበለጠ ብሎኝ አያውቅም። ጉሮሮዬን ጠርጌ «ይቅርታ፣ ልጄ። ስለ እንጨቱም ስለ ‹ዲ›ውም» አልኩት። ሌሎቹን ቃላት እዚህ አልጽፋቸውም። ትንሽ ዝም አለና «ጫማ ላድርግ» አለኝ።

ፑንታውን አወረድን። የጠርዝ ቁራጭ አስረን ቆረጥን። ጠበቀ! እንዲያውም ከልክ በላይ ጠበቀ፣ ግማሽ ገብቶ ቆመ። እኔ በደስታ መዶሻ አነሳሁ። «አባዬ፣ ቆይ!» ሲለኝ መዶሻው ወርዷል፣ ጣውላው ለሁለት ተሰነጠቀ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ ሰማሁት። ቁራጭ ስለሆነ ነው እንጂ ኦኩ ቢሆን አልስቅም ነበር። ፑንታውን የወረቀት ውፍረት ያህል መልሰን ወደ ላይ ሰበሰብነው። በሁለተኛው ሙከራ በእጅ ሲገፉት ይገባል፣ የመጨረሻውን በእንጨት መዶሻ ቀስ ብለው ሲመቱት «ጥቅ» ብሎ ይቀመጣል። ያቺን «ጥቅ» የደሴው ጋራ ላይ የምሰማት ያህል አወቅኋት።

ሌላ ችግር መጣ። የመሳቢያው ጎን ከፊቱ ጠርዝ ወደ ውስጥ ሰመጠ። «ጎድጓዳው በዝቶ ጠልቋል፣ ፎርማውን ወደ እኛ እንሳበው» አለ ልጁ፣ መመሪያውን ስልኩ ላይ እያየ። ሳብነው፣ ተስተካከለ። የመሳቢያዎቹን ቁመትም እሱ ነው ያሰላው። የእኛ ፎርማ ጣቶች በየ7/8 ኢንች ነው የተቀመጡት። ቁመቱ የዚያ ብዜት ካልሆነ ዳሩ ላይ ግማሽ ጅራት ተቆርጦ ይቀራል፣ ያስቀይማል። «ስምንት ጊዜ ሰባት ስምንተኛ ሰባት ኢንች ነው» አለኝ ወረቀት ሳይነካ። ሒሳብ «ዲ» ያመጣው ልጅ! ምንም አላልኩም፣ ሰባት ኢንች አድርጌ ቆረጥኩ።

አምስት መሳቢያ ሃያ ማዕዘን አለው። ሃያውንም አብረን አወጣናቸው፣ አራት ቅዳሜ ፈጀብን።

ከእናንተ መሐል ጋራዥ ያላችሁና ልትሞክሩ የምትሹ እንዳትቃጠሉ የተማርነውን ልንገራችሁ። ይህ ግማሽ ስውር በሚባለው፣ ሁለቱን ጣውላ አንድ ላይ በሚቆርጠው ጂግ ላይ ነው።

1. ከላላ ፑንታውን አውርዱ፣ ከጠበቀ ሰብስቡ። ትንሽ በትንሽ። በኮላና በሰጋቱራ አታድኑትም፣ በመዶሻም አታስገድዱት። ኮላ ሲቀባ እንጨቱ ስለሚያብጥ በደረቁ ጭንቅ ብሎ የሚገባ ከሆነ ጠብቋል ማለት ነው።

2. ጎኑ ወደ ውስጥ ከሰመጠ ፎርማውን ወደ ራሳችሁ ሳቡት። ወደ ውጭ ከወጣ ወደ ኋላ ግፉት። ጥብቀቱና ይኼ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፣ ሁለቱን በአንድ ጊዜ አትነካኩ።

3. ሙከራችሁ ከዋናው ጋር እኩል ውፍረት ባለው፣ ቢቻል በዚያው እንጨት ቁራጭ ይሁን። የቆመው ጣውላ ጫፍ ከተጋደመው ፊት ጋር ልክ እኩል መሆኑን በጣታችሁ ዳስሱ። የጎበጠ ጣውላ አትሰሩ፤ እንዴት ብታስሩት አይጠብቅም።

4. ጂጉ ላይ ወደ ውጭ የሚያየው ፊት የመሳቢያው ውስጥ ነው የሚሆነው። ከአራቱ ማዕዘን ሁለቱ በጂጉ ግራ፣ ሁለቱ በቀኝ ይቆረጣሉ። ስለዚህ ጣውላችሁ ላይ በእርሳስ ጻፉ። እኛ ሳንጽፍ አንዱን ገልብጠን ቆርጠን አንድ ጎን ጥለናል።

5. መጀመሪያ ከቀኝ ወደ ግራ በጣም ስስ አድርጋችሁ ፊቱን ጫር አድርጉት፣ እንጨቱ እንዳይቦጨቅ። ይህ ፑንታው ወደሚጎትትበት አቅጣጫ ስለሆነ ራውተሩን አጥብቃችሁ ያዙ። ከዚያ ከግራ ወደ ቀኝ ሙሉውን ቁረጡ።

6. ፑንታው እየዞረ ራውተሩን በፍጹም ወደ ላይ አታንሱ። ከታች የሰፋ ስለሆነ ጅራቱንም ፎርማውንም ይዞ ነው የሚነሳው። አጥፉት፣ እስኪቆም ጠብቁ፣ ከዚያ ወደ ራሳችሁ ጎትታችሁ አውጡ። መነጽርና የጆሮ መሸፈኛ ግዴታ ነው።

ድሬሰሩ ለሠርጉ ደረሰ። ሲሰጥ ሰው ሁሉ ላዩን አየ፣ «ያምራል» አለ። ልጄ ግን የአባቴ የልጅ ልጅ ናትና የላይኛውን መሳቢያ ሙሉ በሙሉ ስባ አወጣችና ማዕዘኑን በጣቷ ዳሰሰች። «ማነው ይኼን የሠራው?» አለች። «ወንድምሽ» አልኳት። ልጁ ከጥግ ሆኖ «አባዬ ነው» አለ። ሁለታችንም አልዋሸንም።

ያቺን በገንፎ የሞላኋትን የመጀመሪያ ማዕዘን ግን አልጣልኳትም። ጋራዥ ውስጥ ግድግዳ ላይ ሰቅያታለሁ። ልጁ አንድ ነገር ሊነግረኝ ሲጀምር አፌ ቀድሞ ሊከፈት ሲል አያታለሁ። ሁልጊዜ ይሠራል አልላችሁም። ባለፈው ሳምንት ስለ መኪናው ዘይት ሲነግረኝ እንደገና ጮህኩበት። ግን በዚያው ቀን ማታ ይቅርታ ጠየቅሁ። ከሦስት ሳምንት ወደ አንድ ቀን ወርዷል፣ ይኼም ትንሽ አይደለም።

በሉ፣ ሰልፉ ተንቀሳቀሰ፣ ከፊቴ ሁለት መኪና ብቻ ነው የቀረው። ከልጆቻችሁ ሰምታችሁ የዳናችሁበት ነገር ካለ ከታች ጻፉልኝ፣ ከጉዞው ስመለስ አነባለሁ። ቸር ሰንብቱ።